ሁሉንም ቻል የሚባለው የጋዜጠኝነት ተማሪ ከየት ይጀምር?

አሁን አሁን ሪፖርተር ለመቅጠር የሚወጡ የስራ ማስታወቂያዎችን ሰብሰብ አድርጋችሁ ብታነቡ የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፣ ዝርዝሩ ግን የአንድ ሙሉ የዜና ክፍል ስራ ነው። ዜና ይጽፋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ኤዲትም እሱ ያደርጋል፣ ፖድካስት ይሰራል፣ ግራፊክስ ቢችል ይመረጣል፣ የሶሻል ሚዲያ ገጾቹንም እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። አንድ ሰው መሆኑ ትዝ የሚላቸው ደሞዙ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። ይሄን ያየ ተማሪ ደሞ ይደነግጣላ፣ ዩቲዩብ ገብቶ ፕሪሚየር የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር መማር ይጀምራል፣ ሳይጨርሰው ወደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይዞራል፣ መሃል ላይ አንዱ ካፕከት ይበቃሃል ይለዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሴሚስተሩ ያልቅና ብዙ ሶፍትዌር የነካካ ግን አንድም ያለቀለት ስቶሪ የሌለው ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ አይነቱ ነው።

በተማሪው ብቻ መፍረድ ግን አይቻልም። ትምህርቱ ራሱ በብዛት የሚሰጠው ከኋላ ወደፊት ነው፣ መጀመሪያ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር፣ ከዛ ካሜራ፣ ስቶሪው ደሞ ጊዜ ከተረፈ መጨረሻ ላይ። እኔ ይሄ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የመልቲሚዲያ ስራ ከባዱ ነገር የታሪኩን የቱን ክፍል በድምጽ፣ የቱን በምስል፣ የቱን በጽሁፍ ልንገረው ብሎ መወሰኑ ላይ ነው፣ ይሄን ደሞ መስክ ላይ እያላችሁ ካልወሰናችሁት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማንም አይወስንላችሁም፣ ያልተቀረጸ ድምጽ ሶፍትዌር ውስጥ ተፈልጎ አይገኝማ።

ይሄ ሁሉንም ቻል የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ማወቁም አይከፋም፣ ምክንያቱም ከጋዜጠኝነት ይልቅ ከሂሳብ ክፍል የመጣ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በሜይ 2013 ቺካጎ ሰን ታይምስ የሚባለው ጋዜጣ ቋሚ ፎቶግራፈሮቹን 28ቱንም ባንድ ጊዜ አሰናበተ፣ ከነሱ መሃል በ1982 ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት የወሰደው ጆን ኤች ዋይት አለበት። ከዛ ሪፖርተሮቹ በአይፎን ፎቶ ማንሳት ይማሩ ተባለ። ጋዜጣው የሰጠው ምክንያት አንባቢዎቻችን ከዜናው ጋር ቪዲዮ ይፈልጋሉ የሚል ነበር፣ ልብ በሉ፣ ቪዲዮ ስለተፈለገ የምስል ሰዎቹ ተባረሩ። በኋላ ከሰራተኛ ማህበሩ ጋር ተስማምተው አራቱን መልሰው ቀጠሩ። ስልክ መያዝና ምስል ማየት አንድ እንዳልሆነ ለመረዳት የግድ እንዲህ መደረግ ነበረበት እንዴ?

ቀጥሎ የመጣው ማዕበል ደሞ የባሰ ነበር። ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት ብዙ የኦንላይን ሚዲያዎች ጸሀፊዎቻቸውን እየቀነሱ ወደ ቪዲዮ ዞሩ፣ ምክንያቱም ፌስቡክ ላይ የሚታየው ቁጥር ሰው ቪዲዮ ረጅም ጊዜ እያየ ነው ይል ነበር። ሴፕቴምበር 2016 ላይ ግን ፌስቡክ ራሱ ሰው ቪዲዮ የሚያይበትን አማካይ ጊዜ የሚያሰላው ከ3 ሰከንድ በታች ያዩትን ሰዎች ከሂሳቡ አውጥቶ እንደነበር አመነ፣ በዚህም ቁጥሩ ከ60 እስከ 80 በመቶ ተጋኖ ነበር። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ከሰሱትና ጉዳዩ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። ማይክ የተባለው ድረገጽ በ2017 ጸሀፊዎች ቀንሶ ወደ ቪዲዮ የዞረ ሲሆን በኖቬምበር 2018 የቀሩትንም ሰራተኞች ከሞላ ጎደል በሙሉ አሰናበተ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች የተማሩት ያንን ነበር፣ ድምጽ ሳይከፈት የሚታይ፣ ትልልቅ ጽሁፍ የሚሮጥበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ። ፎርማቱ ሲያረጅ ችሎታቸውም አብሮ አረጀ።

ፍላሽ የሚባለው፣ ድረገጽ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች የሚሰሩበት የአዶቤ ሶፍትዌር ላይ የሆነውም ያው ነው። በ2000ዎቹ የኦንላይን ጋዜጠኝነት ኩራት የነበሩት ኢንተራክቲቭ ስራዎች በብዛት የተሰሩት በፍላሽ ነበር፣ አዶቤ ዲሴምበር 31 2020 ድጋፉን ሲያቆም ብዙዎቹ በቀጥታ ብሮውዘር ላይ የማይከፈቱ ሆኑ። ፍላሽ ብቻ የተማረ ሰው ዛሬ ምንም የለውም፣ በፍላሽ ስራ ላይ እያለ ኢንተርቪው ማድረግና ድምጽ መቁረጥ የለመደ ሰው ግን እስካሁን ይበላበታል።

ስለ መልቲሚዲያ ሲወራ ሁሌ የሚጠራው የኒውዮርክ ታይምስ ስኖው ፎል ነው፣ ዲሴምበር 2012 ላይ የወጣው። ዋሽንግተን ግዛት ተራራ ላይ 16 ሰዎች በበረዶ ሲንሸራተቱ ናዳ ወርዶ ሶስቱ የሞቱበት ታሪክ ነው፣ ጸሀፊው ጆን ብራንች በዓመቱ በፊቸር ጽሁፍ ዘርፍ ፑሊትዘር አግኝቶበታል። መምህራን ይሄን ስራ ሲያሳዩ ተማሪው የሚያየው የሚንቀሳቀሰውን በረዶ ነው። እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት፣ አብዛኛው ነገር ጽሁፍ ነው፣ ስድስት ክፍል ያለው በጣም ረጅም ጽሁፍ። አኒሜሽኑ የገባው ተራራው ምን ይመስላል፣ ማን በየት በኩል ወረደ፣ ናዳው በየት ሄደ የሚለው በቃላት ሲነገር ግራ የሚያጋባበት ቦታ ላይ ነው። ቪዲዮው ደሞ የተረፉት ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩ ፊታቸውን ማየት ያለብን ቦታ ላይ። እና ይሄን አንድ ሰው አልሰራውም፣ ግራፊክስ፣ ዲዛይን፣ ቪዲዮ፣ ፎቶ እያሉ አንድ ሙሉ ቡድን ወራት ፈጅቶበታል። የስራ ማስታወቂያ የሚጽፉት ሰዎች ይሄን ክፍል ብዙም አያነሱትም።

ታዲያ ምን እንማር ካላችሁ እኔ ከድምጽ ጀምሩ ነው የምለው። ብዙ ሰው ከካሜራ ይጀምራል ግን ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ድምጽ ግን አይታገስም፣ ወዲያው ነው የሚያልፈው። ድምጽ መቅዳት ርካሽም ነው፣ ስልክና ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ካለ ይበቃል፣ ለኤዲት ኦዳሲቲ የሚባል ሶፍትዌር በነጻ አለ። ዋናው መሳሪያ ሄድፎን ነው፣ እየቀዳችሁ እያለ ጆሯችሁ ላይ መሆን አለበት፣ ጆሮ በልማድ የሚያልፈውን የፍሪጅ ጩኸት፣ የቬንቲሌተር ድምጽ፣ ባለታሪኩ እጁን ሲያንቀሳቅስ ጃኬቱ ማይኩን ሲነካ የሚሰማውን ኩርሽ ኩርሽ ማይኩ አንድም አያልፈውም። የድምጹ መጠን ጮክ ሲል መቅጃው ላይ ባለው የድምጽ መለኪያ ከኔጋቲቭ 12 እስከ ኔጋቲቭ 6 ዴሲቤል መሃል ቢጫወት ጥሩ ነው፣ ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምጽ ደሞ አይመለስም። ኢንተርቪው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምጽ 30 ሰከንድ ያህል ቅዱ፣ ለምን ይሄን እንደምታደርጉ ባለታሪኩ ሊገርመው ይችላል ግን ኤዲት ስታደርጉ ሁለት የተቆረጠ ንግግር የምታያይዙት በሱ ነው።

ሌላው እኛ ጋ በጣም የሚያስቸግረው እሺ ማለት ነው። ሰው ሲያወራን እሺ፣ እሺ፣ እህ፣ ውይ እያልን ነው የምንሰማው፣ ጨዋነት ነው፣ ዝም ካልን ያልሰማነው መስሎ ይታየዋል። ድምጽ ላይ ግን ባለታሪኩ እናቴ የሞተች ቀን ብሎ ሲጀምር ከጀርባ እሺ የሚል ድምጽ ከገባ ያ ዓረፍተ ነገር በቃ ተበላሽቷል፣ ሁለቱ ድምጾች አንድ ላይ ናቸው መነጠሉ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ በአንገትና በዓይን እሺ ማለትን ተለማመዱ። ከመጀመራችሁ በፊትም ዝም ብዬ የምሰማው ድምጼ እንዳይገባ ነው ብላችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ሰውዬው ያልጣማችሁ ይመስለውና ያሳጥረዋል። ጥያቄውም አዎ ወይ አይደለም ተብሎ የሚመለስ ከሆነ ለድምጽ አይጠቅምም፣ ስራው ከባድ ነው ወይ ከማለት የመጀመሪያውን ቀን እንዴት እንደነበር ንገረኝ ማለት ይሻላል።

ከድምጽ ቀጥሎ ሲኩዌንስ ነው፣ አንድን ድርጊት በሚያያዙ የተለያዩ ሾቶች መቅረጽ ማለት ነው። አንድ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ሲሰራ ልትቀርጹ ሄዳችሁ እንበል። ለጀማሪ የሚቀናው ካሜራውን አብርቶ ክፍሉን ከግራ ቀኝ እየዞሩ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን፣ ሰውዬውን በአንድ ረጅም ቀረጻ መያዝ ነው፣ ቤት ሲደርስ ከዛ ውስጥ የሚቆረጥ 3 ሰከንድ እንኳን አያገኝም። ብዙ የቪዲዮ አሰልጣኞች የሚያስተምሩት አምስት ሾት የሚባል ልማድ አለ፣ እጁ ብቻ በቅርብ፣ ፊቱ በቅርብ፣ ሰውዬውና የሚሰራበት ቦታ ከራቅ ብሎ፣ ከትከሻው በላይ እሱ የሚያየውን፣ አምስተኛው ያልተለመደ አንግል። እያንዳንዱን ሳታንቀሳቅሱ 10 ሰከንድ ያዙ። 10 ሰከንድ ቆሞ መያዝ መጀመሪያ ላይ በጣም ነው የሚረዝምባችሁ፣ እጃችሁ ዙም ልታደርጉ ይፈልጋል፣ አታድርጉ። ሰውዬው ብሎኑን አንስቶ ከፍሬሙ ሲወጣ ካሜራችሁ አይከተለው፣ ይውጣ፣ ባዶውን ጠረጴዛ ትንሽ ያዙት፣ ያቺ ባዶ ቦታ ናት በኋላ ወደሚቀጥለው ሾት የምታሻግራችሁ። እጅን በቅርብ ያነሳንበት ምክንያት አለው፣ ንግግሩን መሃል ላይ ስትቆርጡ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ፊቱ እንዳይዘል እጁን ታስገባላችሁ፣ ቢሮል የሚባለው ዋና ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ማሳመሪያ የሚመስላቸው አሉ።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የውሳኔው ነገር የሚመጣው። የሰዓት ጠጋኙ እጅ እንዴት እንደሚሰራ በጽሁፍ ቢነገር ሶስት አንቀጽ ይፈጃል፣ ቪዲዮ በ15 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሙያው ለምን እየጠፋ ነው የሚለውን ግን ቪዲዮ አያሳይም፣ ምክንያትና ታሪካዊ ዳራ የጽሁፍ ስራ ነው፣ በቪዲዮ እንናገር ካላችሁ ያው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ማሳየት ነው የሚሆነው። አባቱ ስላስተማሩት ቀን ሲያወራ ደሞ ካሜራ ባይኖርም ይመረጣል፣ ብዙ ሰው ሌንስ ሲያይ ይደርቃል፣ በድምጽ ብቻ ግን ይፈታል። ተማሪዎች በብዛት የሚያስረክቡት ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ጽሁፍ ይጽፋሉ፣ ከዛ ያንኑ ጽሁፍ በቪዲዮ ያነቡታል፣ ኮቴሽኑ ሳይቀር አንድ ነው። ይሄን ለመፈተን ቪዲዮውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ጽሁፉን ብቻ አንብቡ፣ ምንም ካልጎደለባችሁ ቪዲዮው ይውጣ። አዎ ያማል፣ ሁለት ቀን የተለፋበት ነው፣ ግን ይውጣ።

ምስል ማስረጃ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ አፍሪካ አይን የሚባለው የቢቢሲ የምርመራ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2018 ያወጣውን የካሜሩን ምርመራ ቢያይ ጥሩ ነው። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ህጻናትን ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ሶሻል ሚዲያ ላይ ተሰራጨ፣ የካሜሩን መንግስት የውሸት ዜና ነው አለ። ጋዜጠኞቹ ያደረጉት ነገር በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ከጀርባ የሚታየውን የተራራ መስመር ከሳተላይት ካርታ ጋር ማመሳሰል ነበር፣ ቦታው ሰሜን ካሜሩን ዜሌቬት የምትባል ከተማ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ከዛ በተለያየ ጊዜ በተነሱ የሳተላይት ምስሎች ላይ ቪዲዮው ላይ የሚታዩት ቤቶች መቼ እንዳሉ መቼ እንደሌሉ እያነጻጸሩ ጊዜውን አጠበቡት፣ መጨረሻ ላይ የወታደሮቹን ጥላ አንግልና ርዝመት ለክተው ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ደረሱበት። በ2020 አራት ወታደሮች 10 ዓመት ተፈርዶባቸዋል።

ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አቀራረቡ ነው። ትዊተር ላይ በተከታታይ ፖስት ነው ያወጡት፣ አንድ ፖስት አንድ ማስረጃ፣ ተራራው ካርታው ላይ ሲያርፍ ተመልካቹ ራሱ እያየ ያረጋግጣል። ባለሙያዎች አረጋግጠዋል ተብሎ በጽሁፍ ብቻ ቢነገረው አንድም የሚጠራጠር ሰው አያምንም ነበር። ሙዚቃና የሚበር ጽሁፍ አያስፈልገውም፣ ጥያቄው የት ነው ስለሆነ ካርታ መጣ፣ መቼ ነው ስለሆነ ጥላ መጣ፣ እያንዳንዱ ፎርማት የገባው የሚመልሰው ጥያቄ ስላለው ነው። እንዲህ አይነት ስራ ለመስራት ደሞ ውድ ካሜራ አልተፈለገም፣ ጉግል ኧርዝ ማንም ሰው ጋ አለ።

ነጻ መሳሪያዎች ሞልተዋል ብዙ አላወራም። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናይት ላብ የሰራቸው የነገሮችን ቅደም ተከተል በጊዜ የሚያሳየው ታይምላይን ጄኤስ፣ ታሪክን በካርታ ላይ የሚያሳየው ስቶሪማፕ ጄኤስ፣ በፊትና በኋላን የሚያነጻጽረው ጃክስታፖዝ አሉ፣ ታይምላይኑ ጉግል ሺት ላይ ከሞላችሁት ሰንጠረዥ ነው የሚሰራው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ለቻርት ዳታራፐር። ብቻ ታይምላይን መስራት ቀላል ስለሆነ ብቻ ታይምላይን የማይገባበት ስቶሪ ላይ ሁሉ ሲለጠፍ ይታያል፣ የነገሮቹ ቅደም ተከተል ራሱ ዜና ካልሆነ አንባቢው ሁለተኛዋ ቀን ላይ ነው የሚተወው።

ኤአይን ሳላነሳ ባልፍ ትቆጡኛላችሁ። ድምጽን ወደ ጽሁፍ መገልበጥ ድሮ የአንድ ሰዓት ኢንተርቪው የግማሽ ቀን ስራ ነበር፣ ኦፕን ኤአይ በሴፕቴምበር 2022 ዊስፐር የሚባለውን ድምጽ ወደ ጽሁፍ የሚገለብጥ ሶፍትዌር ከለቀቀ በኋላ በእንግሊዝኛ የደቂቃዎች ጉዳይ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሁፍና ድምጽ የሌላቸው ቋንቋዎች ላይ ግን ስህተቱ ይበዛል፣ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ፈጥሮም ሊያስገባ ይችላል፣ ስለዚህ ኮት የምታደርጉትን እያንዳንዷን ንግግር ከድምጹ ጋር ሳታመሳክሩ አታውጡ። ምስል መፍጠሩን ለዜና ስራ እርሱት።

እውነተኛ ምስልም ቢሆን ሊዋሽ ይችላል፣ የዳግም አርገው ነገር ማለቴ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ብሎኗን ሲያነሳ አመለጣችሁ፣ እስቲ መልስና ድገምልኝ ልትሉት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። በ2015 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት በነበረው ዙር ከደረሱት ፎቶዎች 20 በመቶ የሚሆኑትን ፎቶዎቹ ላይ በተደረገ ለውጥ ምክንያት ውድቅ አድርጓል፣ በዚያው ዓመት አንዱን አሸናፊ ደሞ ስለ ፎቶው የሰጠው መረጃ ትክክል ስላልሆነ ሽልማቱን ነጥቆታል። ኢንተርቪው ላይ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙርልኝ ማለት ችግር የለውም፣ ተመልካቹም ኢንተርቪው መሆኑን ያውቃል። ራሱ የሆነ መስሎ የሚታየውን ድርጊት ግን ዳይሬክት ማድረግ ፊልም ነው። ካመለጣችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ሰውዬው ሌላ ሰዓት መክፈቱ አይቀርም።

ሁሉንም ልቻል የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁለት ያጣ የሚሆነው አንዱንም ሳይጠልቅበት ስለሚቀር ነው። አንዱን ምረጡ፣ ስትደግሙት የማይሰለቻችሁን፣ አንዱ ድምጽ ሲቆርጥ ያድራል፣ ሌላው ዳታ ሲያጸዳ ጊዜው አይታወቀውም። የቀሩትን ደሞ ከሚሰራው ሰው ጋር ለመነጋገር እስኪበቃችሁ ድረስ እወቁ፣ ማለትም ፎቶግራፈሯ በስንት ሰዓት ብንሄድ ይሻላል ብላ ስትጠይቅ ስለ ብርሃን መሆኑ ይግባችሁ፣ ግራፊክስ የሚሰራው ልጅ ቁጥሩን በፒዲኤፍ አታምጣብኝ ሲል ለምን እንደሆነ እወቁ። የክፍል ፕሮጀክት ሲሰጥም አራት ሆናችሁ ሁላችሁም ሁሉንም ከምትነካኩ ስራ ተከፋፈሉ።

ፖርትፎሊዮ ላይም የሚታየው ይሄው ነው። ቀጣሪው ኤዲተር አስር ሊንክ አይከፍትም፣ አንድ ሁለቱን በስልኩ ይከፍታል፣ ምናልባት ድምጹን ዘግቶ፣ ስለዚህ ሰብታይትል ከሌለው አለቀ፣ ጆሯቸው የማይሰማ ሰዎችም እንዲሁ ያልፉታል። ከሁሉም በላይ ያለቁ ነገሮችን አስቀምጡ፣ አጭር ይሁኑ ግን ያለቁ። ፋይሎቹንም በሶስት ኮፒ፣ በሁለት አይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ኮፒ ከቤት ውጪ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል። በየስራው ስር ደሞ ማን ምን እንደሰራ ጻፉ፣ ድምጹን እኔ ቀድቼ ኤዲት አድርጌያለሁ፣ ካርታውን የክፍል ጓደኛዬ ነው የሰራችው ብላችሁ። ሁሉንም እኔ ሰራሁት ብሎ የሚጽፍ ልጅ ኢንተርቪው ላይ ስለ ካርታው ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣበት ነው የሚታወቀው።